ኢምቤድድ ዌብ ሰርቨርን በሥርዓት ማጥፋት

የዌብ ጥያቄ የሚመልሰው ኢምቤድድ ሰርቨር ለብቻው ተጭኖ የሚነሳ አይደለም። የጃቫው ፕሮግራም በሆዱ ይዞት ይነሳል። ማስነሳቱ የሁለት ሦስት መስመር ኮድ ጉዳይ ነው፤ ጣጣው ማጥፋቱ ላይ ነው። በሥርዓት ጠፋ የሚባለው አዲስ ጥያቄ መቀበል አቁሞ፣ የጀመረውን ጨርሶ፣ ፖርቱን (ጥያቄ የሚቀበልበትን የኔትወርክ በር) እና ትሬዶቹን (ሥራውን ጎን ለጎን የሚያስኬዱትን ክሮች) ሲለቅ ነው።

በዚህ ነገር ጄቲ የተባለው የጃቫ ዌብ ሰርቨር አንጋፋ ነው። ግሬግ ዊልኪንስ እ.ኤ.አ. በ1995 ጀመረው፤ ከ2009 ወዲህ በኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ሥር ይገኛል። ገና ከጥንቱ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ለመግባት የተመቸ ነው። ሰርቨሩ ላይ ስቶፕን (የማቆሚያ ትዕዛዙን) መጥራት ያጠፋዋል። የተጀመሩ ጥያቄዎች እንዲያልቁ ግን የመቆያ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ይህም ብቻውን አይበቃም። ከ9 እስከ 11 ባሉት ቨርዥኖች ስታቲስቲክስ ሃንድለር፣ በ12 ደግሞ ግሬስፉል ሃንድለር የተባለ፣ ያላለቁ ጥያቄዎችን የሚከታተል ክፍል መጨመር አለበት። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዱ «አጥፋ» የሚል አድራሻ ይሠራል፤ ጥያቄው ሲመጣ እዚያው ስቶፕን ይጠራል። ስቶፕ ትሬዶቹ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ከሚጠበቁት አንዱ ደግሞ ራሱ ጠሪው ትሬድ ነው! የጊዜ ገደቡ እስኪያልፍ ይፋጠጣሉ። መፍትሔው ስቶፕን ከአዲስ ትሬድ መጥራት ነው።

ሌላው የጃቫ ሰርቨር ቶምካት ከስቶፕ በኋላ ዴስትሮይም (የያዘውን የሚያስለቅቀው ትዕዛዝ) ይፈልጋል።

ከጃቫ 6 ጀምሮ ከጄዲኬው (ከጃቫ መሥሪያ ጥቅሉ) ጋር የሚመጣው ትንሹ ኤችቲቲፒ ሰርቨር ስቶፕ ሲባል የሚጠብቀውን ሰከንድ ይቀበላል። የሰጡትን ኤክሲኪዩተር (ትሬዶቹን የሚያስተዳድረውን ክፍል) ግን አይዘጋም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሞቶ ፕሮግራሙ ላይሞት ይችላል።

የጃቫ ፕሮግራም መገንቢያው ስፕሪንግ ቡት በ2.3 ቨርዥኑ ግሬስፉል ሻትዳውንን (በሥርዓት ማጥፋትን) አስገባ፤ ከ3.4 ጀምሮ ሳይጠየቅም ይሠራዋል። ነባሪ ገደቡ 30 ሰከንድ ነው። ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽን ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስም ፕሮግራሙን በግድ ከመግደሉ በፊት የሚሰጠው 30 ሰከንድ ስለሆነ መተንፈሻ አይተርፍም። ፕሮግራምን ጠቅልሎ የሚያስኬደው ዶከር እንዲያውም በተለምዶ 10 ብቻ ነው የሚሰጠው።

ስቶፕን ማን ይጥራው? የተለመደው ሻትዳውን ሁክ (ጃቫ ሊዘጋ ሲል የሚያስነሳው ኮድ) ነው። ኮንትሮል ሲ ሲጫን ወይም ሲግተርም (ከሲስተሙ የሚላክ «ጨርስ» የሚል ምልክት) ሲመጣ ጃቫ ሁኮቹን ያስነሳል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ። ሰርቨሩ ገና ጥያቄ እየጨረሰ ዳታቤዙ ቀድሞት ሊዘጋ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሁክ ውስጥ በተራ ማስቀመጥ ይሻላል። ዌብሶኬትን የመሰለ ረጅም ግንኙነት ይጠበቅ ወይስ ይቆረጥ የሚለው ላይ ሰው አይስማማም፤ ምናልባት እንደ ሥራው ይለያያል። ፕሮግራሙ በኪል 9 (ጊዜ በማይሰጠው የመግደያ ትዕዛዝ) ከተገደለ ግን ሁኩም አይነሳም።