ሜዳ ላይ ስለሚጣሉ ድመቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ከአንድ እህል መጋዘን ጀርባ አፉ በተከፈተ ማዳበሪያ ውስጥ ዓይናቸው ያልተገለጠ አምስት የድመት ግልገሎች አግኝቼ ነበር። እዚያ ያስቀመጣቸው ሰው ጨካኝ ነው ብዬ አላምንም፤ ብዙዎቻችን ስንሰማው ያደግነውን ነገር አምኖ ይመስለኛል።

«ድመት የትም ብትጣል አይጥ አድና ትኖራለች።»
ይህን የሚሉ ሰዎች «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት ይጠቅሳሉ። ይሁን እንጂ ግልገል ዓይኑን የሚገልጠው በተወለደ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሆን፣ እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ደግሞ እናቱ ካልላሰችው በራሱ መሽናት እንኳ ይቸገራል። ከእናቱ ተነጥሎ በደሴ ብርድ ያደረ ግልገል አይጥ ለማደን ዕድሜው አይደርስም። እንደ ምንም ተርፎ ከሰው ርቆ ያደገው ደግሞ ሰው መፍራትን ይለምዳል፤ ግልገል ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነውና። መንገድ ላይ «የዱር ድመት» የምንላቸው አብዛኞቹ ከእኛው ቤት የወጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው።

«ከመምከኗ በፊት አንድ ጊዜ ብትወልድ ለጤናዋ ይበጃል።»
ለጤናዋ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እንዲያውም በልጅነቷ መምከኗ የጡት ዕጢ እንዳይዛት ይረዳል። ድመት በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናዋም ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። «እያጠባች አታረግዝም» የሚለውም ስህተት ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ አራት አራት ብትወልድ አሥራ ሁለት ግልገል ይሆናል፤ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ቤት ከየት ይመጣል? ወንዱን ማኮላሸትም መረሳት የለበትም።

«መርዝ ቢበተን ችግሩ ያልቃል።»
ከሥጋ ቤቱና ከምግብ ቤቱ ጀርባ ትርፍራፊ እስካለ ድረስ በሞቱት ቦታ ሌሎች ይመጣሉ። መርዙ የጎረቤትን ድመትና ጥንብ አንሳውንም ይገድላል። ድመቶቹን ይዞ ማምከን፣ መከተብና ወደነበሩበት መመለስ ይሻላል፤ ሆኖም ቁጥሩ የሚቀንሰው በአካባቢው ካሉት አብዛኞቹ ሲመክኑ ነው፤ አዲስ መጣልም መቆም አለበት።

«የእብድ ውሻ በሽታ የውሻ ብቻ ነው።»
በአገራችን በአብዛኛው የሚተላለፈው በውሻ ንክሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች። የማያውቃት ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።