«ሞተር ፈላ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ጣርማ በር በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ አይቶታል። ጭነት የሞላ ተሳቢ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ቆሟል፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተወሽቋል፤ ጋቢናው ወደ ፊት ተደፍቷል፤ ረዳቱ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ይወርዳል። ምን ሆናችሁ ሲባሉ መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ «ሞተር ፈላ»።

የሚፈላው ሞተሩ ሳይሆን በውስጡ የሚዞረው ውሃ ነው። ናፍጣ ሲቃጠል ከሚወጣው ኃይል ጎማ የሚያዞረው ግማሹን እንኳ አይሞላም። የቀረው ሙቀት ነው፤ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ከፊሉን ውሃው ተሸክሞ ነፋስ ወደሚያቀዘቅዘው ወደ ራዲያተር ይወስደዋል። ውሃው ሲፈላ በብረቱና በውሃው መካከል እንፋሎት ይገባል፤ እንፋሎት ደግሞ ሙቀት በመሸከም ከውሃ እጅግ ያንሳል። ያን ጊዜ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚገጥመው ቴስታታ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ሲብስም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይነክሳል።

የሰሜን ሸዋን ዳገት ከባድ የሚያደርገው አቀበቱ ብቻ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጋው ብርድ ስለሆነ ሞተሩ ይቀዘቅዛል የሚሉ ብዙ ናቸው። ብርዱ በእርግጥ ይረዳል። ይሁን እንጂ በዚያ ከፍታ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው፦ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ጣርማ በር ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ ባቄላ የቀቀለች እናት ይህን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ውሃው ይንፈቀፈቃል፣ ባቄላው ግን አልበስል ይላል። የከባድ መኪና ሞተር በጤናው የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንደ ክፍት ድስት ቢሆን ኖሮ ምንም ሳይበላሽ በፈላ ነበር።

ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ወይም የተጠባባቂ ጋኑ ክዳን ነው። ክዳኑን ገልብጣችሁ ብታዩት ከሥሩ ሞላና ላስቲክ አለው። ሞላው ግፊቱን አፍኖ ይይዛል፤ ከልክ ሲያልፍ ብቻ ያስተነፍሳል። ግፊት ሲጨምር ደግሞ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። ከውጪው አየር በላይ 1 ባር ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን ካለ ጣርማ በር ላይ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። በአንዲት ትንሽ ክዳን 25 ዲግሪ ያህል ትርፍ ይገኛል ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን አንድ ገራዥ ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። መኪናው ዳገት በወጣ ቁጥር ይፈላል፤ ራዲያተሩ ታጥቧል፣ ቴስታታው ሁለት ጊዜ ወርዷል፣ የባለቤቱ ገንዘብ አልቋል። በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ ክዳኑን ፈትተው በአውራ ጣታቸው ሞላውን ተጫኑት። ሙት ነበር፤ አልገፋም። ላስቲኩ አልቆ በቦታው ከከመነዳሪ የተቆረጠ ክብ ተደርጎበታል። ያ ሁሉ ወጪ የወጣው ማንም ክዳኑን ገልብጦ ስላላየ ነው፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሌሎቹ ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ የላላ ቺንጋ (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ፣ በአቧራና በገለባ የታፈነ ራዲያተር፣ የማይዞር ማራገቢያ። ስለ ሁለቱ ግን ዝም ማለት አልችልም። አንደኛው ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን በር፣ አውጥቶ መጣል ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታት ሲነሣ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይመለሳል፤ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ የተደረገው ያግለዋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ባዶውን ሲሄድ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይውላል፤ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ዘይቱም ይበላሻል። ሁለተኛው የወንዝ ውሃ ነው። የሚያመጣው ጨው በሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ ጀበና ቅርፊት ይጋገራል። ኩላንት (ውሃው ላይ የሚጨመረው የዝገትና የውርጭ መከላከያ) ከሌለ ሲሊንደሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሚፈጠሩት ጥቃቅን አረፋዎች ብረቱ ላይ እየፈነዱ በመርፌ እንደተወጋ ይበሱታል። ኩላንቱ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ብሎኩን እንዳይሰነጥቀው ይከላከላል።

የሙቀት መለኪያውን ብቻ ማመንም አደገኛ ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሙቀቱን የሚለካው ጠቋሚ ከውሃ ወጥቶ አየር ላይ ስለሚቀር ሞተሩ እየነደደ መርፌው ዝቅ ሊል ይችላል። ወተት የመሰለ ዘይት፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ራዲያተሩ ውስጥ የሚንቦጫረቅ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል።

ዳገት ላይ መርፌው መውጣት ከጀመረ ማርሽ ቀንሱ። በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር ፓምፑንም ማራገቢያውንም በዝግታ ያዞራል። ካልወረደ ቁሙ፤ ውሃው ካልፈሰሰና ቺንጋው ካልተበጠሰ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት አሠሩት፤ ፈስሶ ወይም ተበጥሶ ከሆነ ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን ግን አትንኩ። ታፍኖ የቆየው ውሃ ክዳኑ ሲከፈት በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊት ላይ ይወጣል፤ በዚህ ፊታቸው የተላጠ ረዳቶች አይቻለሁ። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በባዶ እጅ ጨብጦ ማቆየት እስኪቻል ጠብቁ። ከዚያ ወፍራም ጨርቅ አልብሳችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ፣ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሩት፤ እንፋሎቱ ተንፍሶ እስኪያልቅ ቆዩ። ውሃውን ሞተሩ እየሠራ፣ በቀስታ ጨምሩ።