አባባ የትሪውን ግራ ለምን አይነኩም?

«ከስትሮክ በኋላ አባባ ትሪው ላይ በግራ ያለውን ወጥ አይነኩም፤ ዓይናቸው ጠፋ ወይስ እልህ ነው?» አስታማሚዎች ደጋግመው ይጠይቃሉ። እልህስ በፍጹም አይደለም! ሐኪሞች ኔግሌክት ይሉታል፦ ዓይን እያየ አንጎል አንዱን ወገን ልብ አይለውም። በብዛት የሚከሰተው የአንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ ስለሆነ የሚዘነጋው ግራው ነው፤ የገዛ ግራ እጃቸውም ጭምር። ትሪውን ብታዞሩላቸው የተረፈውን ሊበሉ ይችላሉ። የእይታ ጉዳትም አብሮ ሊኖር ስለሚችል ግን ዓይናቸው ይመርመር።

ልምምዱ በዋናነት ራስንና ዓይንን ወደ ግራ ማዞር ማስለመድ ነው። በትሪው ግራ ጠርዝ ደማቅ ቀይ ፕላስተር ለጥፉና አባባ መብላት ሳይጀምሩ በፊት እሱን ይፈልጉ። ግራ እጃቸውን በቀኛቸው እየዳሰሱ ቅባት ይቀቡ፤ ሸሚዝም ከግራ እጅጌ ይጀመር። ስታናግሯቸው ካልሰሟችሁ በቀኝ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ ሳቧቸው። አደራ፣ ትኩስ ቡና በግራቸው አይቀመጥ፤ እጃቸውም በተሽከርካሪ ወንበሩ ጎማ እንዳይያዝ ተመልከቱ።

የመሻሻሉ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ይሻላቸዋል፤ አንዳንዶች ላይ ግን ይቆያል፤ ስለዚህ የልምምዱን ዓይነትና መጠን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጋር ወስኑ።