«ወሬውን ዝለለውና ፍልሚያው ጋ ሂድ» ለምትሉ

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓን የፈረሰኞች ግጥም አስተምራለሁ። የንጉሥ አርተር ሰዎች፣ ጀብዱ፣ ፍቅር፣ እነዚያ ረጃጅም ትረካዎች። ተማሪው በየዓመቱ ይቀያየራል፣ የሚለው ግን ያው ነው።

«ንግግሩ ማሟያ ነው፤ ታሪኩ ያለው ፍልሚያው ላይ ነው።» ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንድ ተማሪ የ«ሰር ጋዌይንና አረንጓዴው ፈረሰኛ»ን ማጠቃለያ ሲያመጣልኝ የመኝታ ክፍሉን ጨዋታ ጠቅላላ ትቶታል። አደኑ አለ፤ መጥረቢያው አለ። የጎደለው ታሪኩ ብቻ ነው!

ግጥሙ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ የተጻፈ ነው፤ 2,530 ስንኞች አሉት። የአርተር ፈረሰኛ የሆነው ጋዌይን የአረንጓዴውን ፈረሰኛ አንገት ቆርጧል፤ ሰውየው ግን አልሞተም። ጋዌይን በዓመቱ ደግሞ የራሱን አንገት ሊሰጥ ቃል ገብቷል። በመንገዱ ያረፈበት ቤት ጌታ ውል ያስገባዋል፦ እኔ ከአደን ያገኘሁትን፣ አንተ ቤት ውስጥ ያገኘኸውን ማታ እንለዋወጥ። ባልየው ሲወጣ ሚስትየው መጥታ የእንግዳው አልጋ ላይ ቁጭ ትላለች። ሦስት ጠዋት እንዲህ ነው። ሰይፍ የለም፤ ወሬ ብቻ። እውነተኛው ጋዌይን ቢሆን እኮ ሳይስመኝ ይህን ያህል አይቆይም ነበር እያለች ትነካካዋለች። እሺ ካለ ያስተናገደውን ሰው ከዳ፤ እምቢ ካለ ደግሞ ባለጌ ሊባል ነው። የተሳመውን ማታ ማታ ለባልየው በመሳም ይመልሳል። በሦስተኛው ቀን ግን ከሞት ያድንሃል ብላ የሰጠችውን አረንጓዴ መቀነት ደብቆ ዝም ይላል።

አረንጓዴው ፈረሰኛ ራሱ ባልየው ነው። መጥረቢያውን ሦስት ጊዜ ይሰነዝራል። ሁለቱ አይነኩትም፤ ሦስተኛው አንገቱን ጫር ያደርገዋል። ለምን ሦስተኛው? መኝታ ክፍሉን የዘለለ አንባቢ መልሱን ከየት ያምጣው?

«ዝም ካሉማ ምንም አልተፈጠረም» ይሉኛል ደግሞ ተማሪዎቼ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ክሬቲያን ደ ትሯ በጻፈው «ፐርሲቫል» ውስጥ ጎረምሳው ብዙ አታውራ ተብሎ ተመክሯል። በአንድ የቆሰለ ንጉሥ ቤት በእንግድነት ተቀምጦ፣ ደም የምታንጠባጥብ ጦርና ግራል የሚባለው ቅዱስ ሳህን በፊቱ ሲያልፉ ስለ እነሱ አይጠይቅም። ጠይቆ ቢሆን የቆሰለው ንጉሥ ይድን ነበር።

«ሁሉም እንደ መጽሐፍ ነው የሚያወሩት።» ይኸው ልጅ ጫካ ውስጥ ፈረሰኛ ሲያይ «እግዚአብሔር ነህ?» ብሎ ነው የጠየቀው።

«ሴቶቹ አፍ የላቸውም።» እባካችሁ! በዚሁ ገጣሚ «ኢቬን» ውስጥ ሉኔት የምትባል አገልጋይ አለች። ሁለት ሰዎች ተዋግተው አንዱ ቢያሸንፍ የሚሻለው ማን ነው ብላ እመቤቷን ታፋጥጣለች። ያሸነፈው ነዋ! እመቤቲቱ በዚህ ክርክር ተይዛ ባሏን በፍልሚያ አሸንፎ የገደለውን ኢቬንን ታገባለች።

«ለብቻ፣ በለሆሳስ የሚነበብ ነው።» እዚያው «ኢቬን» ውስጥ አንዲት ልጅ አትክልት ቦታ ተቀምጣ ለእናትና አባቷ እንዲህ ያለ ትረካ ታነብላቸዋለች። የብራና ጽሑፎቹ ትእምርተ ጥቅስ አልነበራቸውም። ማን እንደተናገረ ለመለየት ያንባቢው ድምፅ ይረዳል። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ንግግሩን ያሳጠረ ትርጉም ካጋጠማችሁ አትግዙት። ከተቻለ ሁለት ሁኑ፤ አንዱ ጋዌይንን፣ ሌላው ሴትዮዋን ይያዝ። ሴትዮዋ እየቀለደች ነውና ኮስተር ብላችሁ አታንብቧት።