የራስ ፓኬጅ ሪፖዚተሪ ምንድን ነው?

አንድ ተቋም ራሱ የጻፈውን ወይም ከሶርስ ኮድ አስተካክሎ የገነባውን ሶፍትዌር በፓኬጅ መልክ የሚያስቀምጥበት፣ ሰርቨሮቹም እንደ ማንኛውም የሊኑክስ ፓኬጅ የሚያወርዱበት ማከማቻ ነው። ፓኬጁ በደብያንና በኡቡንቱ የዴብ፣ በሬድ ሃትና በዘመዶቹ የአርፒኤም ፋይል ይሆናል። ዋናው ጥቅሙ የሚታየው ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድረው እንደ አንሲብል፣ ፓፔት ወይም ሼፍ ያለ የኮንፊገሬሽን ማኔጅመንት መሣሪያ ሲሆን ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚጠይቁን ሰርቨሩ ምን መምሰል እንዳለበት እንድንነግራቸው ነው። በሠሩ ቁጥር ያለውን ሁኔታ አይተው የሚጎድለውን ብቻ ያስተካክላሉ። «ይህ ፓኬጅ በዚህ ቨርዥን ይኑር» ሲባሉ ፓኬጅ ማኔጀሩን (ፓኬጆችን የሚጭነውንና የሚመዘግበውን ፕሮግራም) ጠይቀው ወዲያው ያረጋግጣሉ። «ሶርሱን አውርድ፣ ኮምፓይል አድርግ፣ ሜክ ኢንስቶል በል» ሲባሉ ግን ሥራው ተሠርቶ እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። የፓፔት ኤጀንት በነባሪ አቀማመጡ በየ30 ደቂቃው ስለሚሠራ፣ ገደብ ያልተደረገበት የግንባታ ትእዛዝ በየግማሽ ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

የተለመደው ማምለጫ «ይህ ፋይል ካለ ትእዛዙን ዝለል» ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከቨርዥን 1.4 ወደ 1.5 ሲኬድ ነው፤ ፋይሉ ከበፊቱ ስላለ መሣሪያው ሁሉም ደህና ነው ይላል፣ ሰርቨሩም በአሮጌው ይቀጥላል። መሀል ላይ የተቋረጠ ጭነትም ፋይሉን ትቶ ካለፈ ውጤቱ ያው ነው። በቨርዥን የተሰየመ ማውጫና ምልክት ፋይል እየጨመሩ ማስታመም ይቻላል፤ ግን ያ ፓኬጅ ማኔጀርን በሼል ስክሪፕት መልሶ መጻፍ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰርቨር ኮምፓይለር (ሶርስ ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚቀይር መሣሪያ) ይሸከማል፤ የትኛው ፋይል ከየት እንደመጣ መዝገብ ስለማይኖርም በንጽህና ማራገፍ አይቻልም።

ስለዚህ ግንባታው አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ይሠራል። ቦታው ከሰርቨሮቹ ጋር አንድ ዓይነት ስርጭትና (እንደ ደብያን ወይም ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ዓይነት) አንድ ዓይነት ቨርዥን ያለው ኮንቴይነር (ከሌላው የተለየ የሥራ ከባቢ) ቢሆን ይመረጣል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ የተገነባ የሲ ፕሮግራም 20.04 ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም፤ ግሊብሲ የሚባለው የሲ መሠረታዊ ላይብረሪ በመጀመሪያው 2.35፣ በሁለተኛው 2.31 ነውና። የተገነባው ሶፍትዌር በጊዜያዊ ማውጫ ውስጥ ይጫንና ከዚያ ወደ ፓኬጅ ይጠቀለላል። ለዚህ ኤፍፒኤም የሚባለው መሣሪያ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ራሱ ፈልጎ አይጽፍም። ካልተጻፉ ፓኬጁ ያለ ምንም ቅሬታ ይጫናል፣ ፕሮግራሙ ግን ሲጀመር ላይብረሪ አጣሁ ብሎ ይወድቃል። ምንም ባልተጫነበት ንጹሕ ኮንቴይነር ላይ አንዴ መሞከር ይህን ቶሎ ያጋልጣል። ፋይሎቹ በኦፕት ማውጫ ሥር ቢቀመጡ ከስርጭቱ ፋይሎች ጋር አይጋጩም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቁጥር አወጣጥ ላይ ነው። ለደብያን ፓኬጅ ማኔጀር 2.0አርሲ1 ከ2.0 ይበልጣል፤ የሙከራው ቨርዥን ከተጫነ በኋላ ዋናው ሲወጣ ወደ ኋላ እንደመመለስ ይቆጠርና ሰርቨሩ ባለበት ይቆያል። በመሀል የቲልዳ ምልክት ከገባ (2.0~አርሲ1) ቅደም ተከተሉ ይስተካከላል። በስርጭቱ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ኤንጂንኤክስ የተባለው የድር ሰርቨር፣ ተጨማሪ ሞጁል ይዞ ሲገነባ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ስርጭቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው የደህንነት ማሻሻያ ባወጣ ቀን አውቶማቲክ ዝማኔ የእናንተን ይተካዋል፣ ሞጁሉም ይጠፋል። በአፕት (የደብያንና የኡቡንቱ ፓኬጅ ማኔጀር) ለራስ ሪፖዚተሪ ከተለመደው 500 ከፍ ያለ ቅድሚያ፣ ለምሳሌ 600፣ መስጠት ይህን ያስቀራል። ግን ከዚያ በኋላ የደህንነት ማሻሻያውን መከታተል የእናንተ ዕዳ ነው፤ ይህን የማይፈልግ ሰው ባይገነባ ይሻለዋል። አንዴ የወጣን ቁጥር ደግሞ በአዲስ ይዘት እንደገና አታውጡ። ትንሽም ቢቀየር ቁጥሩ ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ አንድ ቁጥር ይዘው የተለያየ ነገር የሚያሠሩ ሰርቨሮች ይኖራሉ።

ሪፖዚተሪው ራሱ ቀላል ነው፤ በድር ሰርቨር የሚቀርቡ ተራ ፋይሎች ናቸው። ለዴብ አፕትሊ ወይም ሬፕሬፕሮ፣ ለአርፒኤም ክሪኤትሬፖ የፓኬጆቹን ዝርዝር ያዘጋጃሉ፤ ከእናንተ መምጣቱ እንዲረጋገጥም በጂፒጂ ቁልፍ ይፈረማል።

በመሣሪያው ውስጥ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የፊርማው ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሪፖዚተሪው አድራሻ፣ ከዚያ የፓኬጅ ዝርዝር ማደስ፣ ፓኬጁ፣ የኮንፊገሬሽን ፋይሉ፣ በመጨረሻ ሰርቪሱ። ዝርዝሩን ማደስ ሲረሳ አሁን ሪፖዚተሪው ላይ የተሰቀለው ፓኬጅ «አልተገኘም» ይባላል። አንሲብል ላይ ዝርዝሩ ለ3600 ሰከንድ ትኩስ እንደሆነ እንዲቆጠር ከተደረገም ለአንድ ሰዓት ያው ስህተት ሊገጥም ይችላል። ቨርዥኑን በቁጥር ጻፉ። «የመጨረሻውን ጫን» ማለት ሪፖዚተሪው ላይ ፋይል የሰቀለ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ሰርቨሮቹን በሙሉ አሻሻለ ማለት ነው።

የኮንፊገሬሽን ፋይሉ ባለቤት አንድ ይሁን፤ ወይ ፓኬጁ ወይ መሣሪያው። ሰርቪስን ዳግም ማስጀመርም የራሱ ጣጣ አለው። አንሲብል ላይ ፓኬጁ ተቀይሮ ከኋላ ያለ ሌላ ሥራ ቢወድቅ፣ ዳግም የሚያስጀምረው ሃንድለር (ለውጥ ሲኖር ብቻ መጨረሻ ላይ የሚጠራ ሥራ) ሳይሠራ ይቀራል። በሚቀጥለው ዙር ፓኬጁ ስላልተቀየረ ሃንድለሩ አይጠራም፤ ዲስኩ ላይ አዲሱ፣ ሜሞሪ ውስጥ አሮጌው ይሠራል። ሃንድለሮች ውድቀት ቢኖርም እንዲሠሩ የሚያደርግ አማራጭ ስላለ እሱን ማብራት ይበጃል።

ወደ ቀድሞው ቨርዥን መመለስ ካስፈለገ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። የአንሲብል አፕት ሞጁል ወደ ኋላ መመለስ በግልጽ ካልተፈቀደለት እምቢ ይላል። አሮጌው ፓኬጅ ሪፖዚተሪው ውስጥ መኖርም አለበት፤ ሬፕሬፕሮ በነባሪው ከአንድ ፓኬጅ አንድ ቨርዥን ብቻ ስለሚይዝ አዲሱ ሲገባ የቀድሞው ይወጣል። አፕትሊ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያቆያል።