የሰውነት ስብ መለኪያ ዘዴዎችና ትክክለኛነታቸው

በሕይወት ያለን ሰው ስብ በቀጥታ የሚመዝን መሣሪያ የለም። በክሊኒክም ሆነ በስፖርት ቤት «ከመቶ ይህን ያህል» ተብሎ የሚነገረው ቁጥር፣ ሌላ ነገር ተለክቶ በስሌት የተደረሰበት ግምት ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛነቱ በመሣሪያው ጥራት ብቻ ሳይሆን ስሌቱ በተቀመረባቸው ሰዎች አካልም ይወሰናል።

የዘመናዊው ልኬት መሠረት በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተጣለ። ሐኪሙ አልበርት ቤንኪ የጠላቂዎችን ጤና ያጠና ነበር፤ ጠላቂው ሲወጣ በሰውነቱ አረፋ ሠርቶ የሚጎዳው ናይትሮጅን በስብ ውስጥ ከውሃ አምስት እጥፍ ገደማ ስለሚሟሟ የጠላቂው ስብ መጠን ያሳስበው ነበር። ሰውን በአየር ላይና ውሃ ውስጥ አስጠልቆ በመመዘን የሰውነትን እፍግታ (ክብደቱ ለሚይዘው ቦታ ሲካፈል የሚገኘውን) አሰላ። እ.ኤ.አ. በ1942 ከባልደረባው ጋር ካጠኗቸው 25 የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች አብዛኞቹ በቁመትና ክብደት ሰንጠረዥ ለውትድርና የማይበቁ ወፍራሞች ነበሩ፤ ልኬቱ ግን ክብደታቸው የጡንቻ መሆኑን አሳየ። ቀጥሎ ተመራማሪው ዊልያም ሲሪ ስብ 0.9፣ የቀረው አካል 1.1 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይመዝናል ብሎ በመነሳት፣ 495ን ለእፍግታው አካፍሎ 450 በመቀነስ የስቡን ድርሻ ከመቶ የሚሰጠውን ቀመር ሠራ። ይሁንና 1.1 የሚለው ቁጥር ለሕፃን፣ ለአረጋዊና አጥንቱ ለከበደ ሰው እኩል አይሠራም፤ ሲሪ ራሱም ስህተቱን ወደ 4 የመቶኛ ነጥብ ገምቶታል። ሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር በትክክል ካልተቀነሰ ስህተቱ ይብሳል።

የቆዳ እጥፋትን በካሊፐር (ቆዳን ቆንጥጦ ውፍረቱን በሚለካ መሣሪያ) መለካት ርካሽ ነው፤ ደርኒንና ዎመርስሊ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ቀመር አራት ቦታዎችን ይጠቀማል፤ ስህተቱ ከ3 እስከ 5 ነጥብ ሲሆን የለኪው እጅ ወሳኝ ነው። በኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለኩ ሚዛኖች በእርግጥ የሚለኩት ውሃን ስለሆነ ከመብላት፣ ከመጠጣትና ከላብ በኋላ ውጤታቸው ይለዋወጣል። በሁለት ዓይነት ራጅ የሚሠራው ዴክሳ የተሻለ ቢሆንም የተለያዩ አምራቾች ማሽኖች አይስማሙም። ማጣቀሻ ሆኖ የሚያገለግለው የሰውነትን ይዘት (የሚይዘውን ቦታ)፣ ውሃንና የአጥንት ማዕድንን ለየብቻ ለክቶ የሚያቀናጀው ስሌት ነው።

ቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ ግራም፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ስብን ጨርሶ አይለካም። ዶይረንበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ብዙ ጥናቶችን አቀናጅተው፣ በእኩል የስብ መጠን የኢትዮጵያውያን ቢኤምአይ ከአውሮፓ ዘር ሰዎች በ4.6 ዝቅ እንደሚል ዘግበዋል፤ ቁጥሩ ለሁሉም የሀገራችን ሰው ይሠራል ማለት ግን አይቻልም።

በዚህ ረገድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አስተዋጽኦ የሚያኮራ ነው። ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራው ጥናት፣ ወደ 350 የሚጠጉ አራስ ሕፃናት በተወለዱ በ48 ሰዓት ውስጥ ፒ ፖድ በተባለው የአየር ክፍል ተለክተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። መሣሪያው ይዘትን በአየር ግፊት ለውጥ ስለሚያውቅ ጨረር የለበትም፤ ሕፃኑ ቢያለቅስም ሆነ ቢንፈራገጥ ልኬቱ በሁለት ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ልጆቹም ካደጉ በኋላ ክትትሉ ቀጥሎ ለትልልቆች በተሠራው ተመሳሳይ መሣሪያ፣ በቦድ ፖድ፣ ተለክተዋል።