የቀጥታ ስርጭት ቀረጻ በወሎ

የቀጥታ ስርጭት ቀረጻ በኢንተርኔት የሚተላለፍን ምስልና ድምፅ እዚያው እየተላለፈ ሳለ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ማስቀረት ነው። በወሎ ይበልጡን የሚቀረጹት በዓላት ናቸው፦ በላሊበላ የገና «ቤዛ ኩሉ»፣ መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ፣ የመውሊድ መንዙማ። መንዙማ በሐረርና በጅማም የራሱ ስልት ቢኖረውም መፍለቂያው ወሎ ነው ይባላል። የባቲና የአምባሰል ቅኝት አገር ድምፁን ማስቀመጥ የጀመረው በኢንተርኔት አይደለም፤ ቀድሞ በካሴት ከቤት ቤት ይገለበጥ ነበር።

ላይቭ የተላለፈ ሁሉ አይቀመጥም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ወዲህ አዲስ ላይቭን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋል። ዩቲዩብ በራሱ የሚያስቀምጠው ከ12 ሰዓት ያልበለጠውን ነው፤ ከዋዜማ እስከ ቅዳሴ ሳይቋረጥ የሚተላለፍ ማኅሌት ደግሞ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል።

ቀላሉ መንገድ የስልኩ ስክሪን ሪኮርድ ነው፤ በአንድሮይድ ከ11ኛው እትም ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ከመጀመር በፊት የስልኩን የውስጥ ድምፅ መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ከድቤው ጋር የጓዳው ሙቀጫ አብሮ ይገባል።

በኮምፒውተር የሚመረጠው ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለው የመቅረጫ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። መብራት ለሚቆራረጥበት አገር ትልቁ ጥቅሙ ኤምኬቪ በተባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት መቅረጽ መቻሉ ነው። በተለመደው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት፣ በተራ ኤምፒ4፣ ፋይሉን ለመክፈት የሚያስፈልገው ማውጫ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ የሌሊቱ ቀረጻ በሙሉ አይከፈትም። ኤምኬቪ ግን መብራቱ እስከጠፋበት ሰከንድ ድረስ ያለውን ይዞ ይቆያል፤ ኋላ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ጥራቱ ሳይቀንስ ወደ ኤምፒ4 ይለወጣል። በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት የተቀረጸ 1 ሰዓት 1.1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የ8 ሰዓት ማኅሌት 9 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል አስቀድሞ ኤክስፋት በተባለው ሥርዓት ፎርማት ይደረጋል።

ሦስተኛው መንገድ ስክሪኑን ትቶ ስርጭቱን ራሱን ማውረድ ነው። ላይቭ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ይላካል፤ ዋይቲ-ዲኤልፒና ስትሪምሊንክ የተባሉት ፕሮግራሞች ቁርጥራጮቹን እየለቀሙ ያወርዳሉ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ሌላ ፕሮግራም ይገጣጥማቸዋል። ዋይቲ-ዲኤልፒ ዘግይቶ ለደረሰ ሰው የዩቲዩብን ላይቭ ከመነሻው ሊያመጣ ይችላል። የዩቲዩብ የአጠቃቀም ደንብ ግን ያለ ራሱ የዩቲዩብና የባለመብቱ ፈቃድ ማውረድን ይከለክላል፤ ስለዚህ ደብሩን ወይም የመንዙማውን ባለቤትም አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል።